የግድየለሿ ማርጂ ወንበር

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15፣ 1952

ይህን ደብተር ያመጣችልኝ የባሌ እህት ኢርማ ናት። ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳ አለበት። «የልብሽን ጻፊበት፣ ቨርናዬ፤ ቀለል ይልሻል» አለችኝ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ከሱቅ የሚገዛውን ብቻ ነው። ስለዚህ የልቤን ልጽፍ ብዬ ተቀመጥኩና እጄ በራሱ ጊዜ «ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት» ብሎ ጻፈ። ክብሪት እውነትም አልቆ ነበር።

በወጉ ልጀምር። ቨርና ሆስቴለር እባላለሁ። ባሌ ኦርቪል የከተማው እህል ጎተራ ውስጥ ይሠራል። አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ኔልዳ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። በኦገስት ፖሊዮ ወሰዳት።

ይኸው ጻፍኩት። ቀለል አላለኝም። ለኢርማ ግን ቀሎኛል እላታለሁ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

የሰው ሳህን ቤቱን ሞልቶታል። ለቀብሩ ሁሉም ምግብ ይዞ መጥቶ ነበር። ከየሳህኑ ሥር ፕላስተር ተለጥፎ የባለቤቷ ስም ተጽፎበታል፣ እንዳይጠፋባት። ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ሳህን አንድ ነገር መጋገር አለብኝ።

ዛሬ የመጀመሪያውን ኬክ ጋገርኩ። መሐሉ ሰመጠ። ኦርቪል ከሥራ እንደገባ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሞ አየው።

«ጉድጓዱን በክሬም ብትሞይው ማን ያውቅብሻል?» አለ።

ከሰኞ ጀምሮ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው። በክሬም ሞላሁት። ክሬሙም ሰመጠ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

ኦርቪል ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ጎተራውን አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። እሑድ ጎተራው ዝግ ነው። እዚያ በር ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ እንደሚውል ጎረቤቴ ነግራኛለች። እኔ አልጠየቅኩትም። ሰው መኪናው ውስጥ ቢቀመጥ ምን ነውር አለው።

ጊዜ ስላለኝ ስለ ፊልሙ ልጻፍ።

ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆቹ አጫጭር ፊልም ያሳዩአቸዋል። እጅ አጨባበጥ፣ ስልክ አነሣሥ፣ እንግዳ አቀባበል፣ አልጋ አነጣጠፍ። መጀመሪያ የተሳሳተውን፣ ቀጥሎ ትክክለኛውን። የልጆቹ አፍ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፃቸው አይሰማም፤ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ ከላይ ሆኖ ይናገርላቸዋል። ኔልዳ ያንን ሰውዬ አስመስላ ስታወራ ራት መብላት ያቅተን ነበር። «እናታችን ድንቹን ጨው ነሥታዋለች። እናታችንን ምን አሳስቧት ይሆን? እናንተስ ድንች ጨው ትነሣላችሁ?» ኦርቪልን ሁልጊዜ ውሃ ትን ይለው ነበር።

በኤፕሪል ከትልቁ ከተማ የፊልም ሰዎች መጡ፤ ስለ ራት ጠረጴዛ ሥርዓት ሊሠሩ። ተራ የሆነ ቤት ፈልገው የእኛን መረጡ። በተራነቴ ስኮራ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አንዷን ልጅ፣ አስተዋይዋን ሩትን፣ የኢርማ ልጅ ካሮሊን ሆነች። መጥፎ ምሳሌዋን፣ ግድየለሿን ማርጂን፣ የእኔዋ።

«አንቺ ለምን ጥሩዋን አልሆንሽም?» አልኳት።

«እማ፣ ጥሩዋ እኮ ተቀምጣ ፈገግ ከማለት በቀር ሥራ የላትም። እኔ ስጎ እደፋለሁ።»

ኢርማ በጋውን ሙሉ «ካሮሊንን የመረጧት ጠባይዋን አይተው ነው» ስትል ከረመች። እኔም በበኩሌ «ኔልዳን የመረጧት ትወና ስለምትችል ነው» እል ነበር። ትወና አልነበረም። እኛ ቤት ስጎ ሁልጊዜም ይደፋል።

ፊልሙ ተጠናቆ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል ብለውን ነበር። ኔልዳ አላየችውም። እኔም ገና አላየሁትም።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 26

የጎረቤቴን ሳህን መለስኩ። ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጌ። አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር። ያወቅሁት ቤቴ ስመለስ ነው። እሷ አይታለች፤ ስለ አየሩ ብቻ የምታወራኝ ለዚህ ነበር ለካ።

ያ ሰውዬ ጆሮዬ ውስጥ፦ «ወይዘሮ ሆስቴለር ከቤት ከመውጣቷ በፊት እግሯን አይታለች? አላየችም።»

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

የስልክ መስመራችን ከአካባቢው ሰው ጋር የጋራ ነው። የሌላውን ወሬ አለማዳመጥ ደንብ ነው፤ የሚያከብረው ግን አላየሁም። ዛሬ ወደ ሱቅ ልደውል ሳነሣ የኢርማ ድምፅ ነበር።

«ፊልሙ መምጣቱን ብቻ እንዳትሰማ» ትላለች።

«ሁሉም ክፍል እኮ አይቶታል» አለች ሌላዋ። የቤት አያያዝ አስተማሪዋ ወይዘሪት ቲልማን ናት። «ማርጂ ላይ ሲደርስ ልጆቹ ይስቃሉ። ትናንት ካሮሊን ከመሐል ተነሥታ ወጣች።»

«በሕይወት የሌለች ልጅ እንዴት መጥፎ ምሳሌ ሆና ትቀራለች? ለሰዎቹ እጽፍላቸዋለሁ። ቨርና ብታየው ይገድላታል።»

ተነፈስኩ መሰለኝ።

«ማነው መስመሩ ላይ?» አለች ኢርማ።

ስልኩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩት። ይህን ጥንቃቄ ለኬኩ ባውለው ኖሮ አይሰምጥም ነበር።

ማታ። ፊልሙ መጥቷል። ከተማው ሁሉ አይቶታል። ልጆቹ ይስቃሉ ማለቷ ምን ማለት ነው? ያፌዙባታል? ወይስ ዝም ብለው ይስቃሉ? ይገድላታል አለች። እንዲህ በቀላሉ የምገደል ብሆን እስከ ኦክቶበር ባልቆየሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

ሱቅ። ስገባ ሴቶቹ ጸጥ አሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለ ዱባ ማውራት ጀመሩ። ዱባ ገዛሁ። ዱባ አልፈለግሁም ነበር።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

የወይዘሪት ቲልማንን ሳህን በብስኩት ሞልቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቤቷ ብመልስላት ይቀርበኝ ነበር። በትምህርት ሰዓት የሄድኩት አጋጣሚ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ደብተሩ የራሴ ነው፣ ማንን አታልላለሁ።

የክፍሉ በር መስታወት በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ከውስጥ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል፤ ከላዩ ደግሞ ያ ወፍራም ድምፅ። «ማርጂን ተመልከቱ። ማርጂ ክርኗን የት አሳረፈች?» ልጆቹ ሳቁ። እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነበር።

አልከፈትኩም። ክፍል መበጥበጥ ነውር ነው። ከፍቼ ብገባ ሁሉም ዞረው ያዩኛል፣ ወይዘሪት ቲልማን ደንግጣ ማሽኑን ታጠፋለች፣ ይቅርታ ትጠይቀኛለች፣ እኔም መልሼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ይቅርታ ስንለዋወጥ ደወሉ ይደወላል። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ብስኩት በላሁ። ስንት እንደበላሁ አላውቅም። የተረፈው ለሳህኑ የሚያሳፍር ስለሆነ ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ።

ልጄ ከበሩ ወዲያ ነበረች። እኔ ከወዲህ ብስኩት እበላለሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ኢርማ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ ከባድ ወሬ ስትይዝ እንዲህ ናት።

«ቨርናዬ፣ እንዳትደነግጪ። ፊልሙ ደርሷል።»

«እንዴ» አልኩ፤ የተገረምኩ ለመምሰል። ኔልዳ ትወናን ከማን እንደወረሰች እንጃ፣ ከእኔ አይደለም።

«ለሰዎቹ ጻፍኩላቸው። በጣም ነው ያዘኑት። የማርጂን ክፍል በሌላ ልጅ ሊተኩት ተስማምተዋል፤ በፊሊስ፣ በባንኩ ሰውዬ ልጅ። ድሮ የተሠራውን ከየትምህርት ቤቱ ሰብስበው ያስወግዱታል። ከእንግዲህ ማንም አይስቅባትም።»

እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ እሰማታለሁ።

«ብቻ ከቀረው ጋር እንዲገጥም ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው የጠረጴዛ ልብስ ያስፈልጋቸዋል። ያንቺው ቤት ማለት ነው። ከከበደሽ አይሆንም በይ፤ ማንም አይቀየምሽም።»

በዚህ ከተማ «አይሆንም በይ፣ ማንም አይቀየምሽም» የተባለ ሰው አይሆንም ሲል ተሰምቶ አይታወቅም።

«ኧረ ምን ይከብደኛል፤ ደስ ይለኛል» አልኳት። ደስ ይለኛል። ይህም አልበቃኝ ብሎ «ሥጋውንም እኔ እጠብሳለሁ» ብዬ ጨመርኩበት።

ኢርማ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ ጀርባዋን መታ መታ እያደረግሁ «አይዞሽ» እላታለሁ።

ነገሩ የገባኝ እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ፎቶዎቿ አሉ፤ ፎቶ ግን ቆሞ ይቀራል። ኔልዳ የምትንቀሳቀስበት ነገር በዓለም ላይ ያ ፊልም ብቻ ነው። እኔ ሳላየው ሊጥሉት ነው። እኔም ሥጋ ልጠብስላቸው ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

«አይሆንም» ማለትን እየተለማመድኩ ነው። ለማቀዝቀዣው ነገርኩት። ለመጋረጃው ነገርኩት። ለኢርማ ደወልኩና «ስንት ሰው ነው የሚመጣው? ሥጋው እንዳያንስ» ብዬ ዘጋሁ።

ራት የምንበላው ወጥ ቤት ነው። ከኦገስት ወዲህ የምግብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጥንም፤ እዚያ ይበርዳል። ዛሬ ሳላስበው ጮክ ብዬ «አይሆንም» አልኩ።

ኦርቪል ሹካውን አቆመ። «ምኑ? ድንቹ?»

«ምንም።»

«ድንቹስ ይሆናል» አለ። «ጨው ነሥተሽው ነው እንጂ።»

ከዚያ ሳህኑን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ውጭው ከምግብ ክፍሉ ይብስ ይበርዳል።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ሰማያዊውን የጠረጴዛ ልብስ አወጣሁት። ከኔልዳ ወንበር ፊት ለፊት፣ ከኤፕሪል የቀረ የስጎ ምልክት አለበት። በጨውም፣ በሆምጣጤም፣ በፈላ ውሃም ሞክሬው አልለቅ ብሎኝ ስጨቀጭቃት ነበር። «የማይለቅ ነገር ደፋሽብኝ» እያልኩ።

ኢርማ ደወለች። «በረኪና ውስጥ ንከሪው። ፊሊስ ስትደፋበት ንጹሕ መሆን አለበት።»

በረኪናውን በገንዳው ቀላቀልኩ። ቆሜ አየሁት። ልብሱን አጥፌ ወደ መሳቢያው መለስኩት፣ በበረኪናው ወለሉን አጠብኩበት። ለኢርማ ነክሬዋለሁ አልኳት።

«ወይዘሮ ሆስቴለር ዋሸች። ወለሏ ግን እንዴት ያምራል።»

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ነገ ሥጋ መግዛት። መጋረጃ ማጠብ። አይሆንም ማለት። ድንች።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25፣ ማታ

እንደሆነው አድርጌ ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት መጡ። ዳይሬክተሩ አቶ ለንድ፣ ካሜራ ያዡ፣ መብራቱ፣ ገመዱ። አቶ ለንድ እጄን ጨብጦ ረጅም ጊዜ ያዘው፤ በፊልሞቹ እንዲህ አያስተምሩም። ኢርማ ካሮሊንን ይዛ ገባች። ካሮሊን በኤፕሪል ለብሳው የነበረውን ቀሚስ ለብሳለች፤ አጥሯታል። ወደ ጠረጴዛው አላየችም። ፊሊስ ጸጉሯ እንደ ኬክ ተሠርቶ ነበር። እንደኔ ኬክ አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሥጋው አምሮልኛል። ከኦገስት ወዲህ ያማረልኝ ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ መጻፍ አለበት።

የጠረጴዛ ልብሱን ሳነጥፍ ኢርማ ምልክቱን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች።

«አልለቀቀም?»

«አልለቀቀም።»

አቶ ለንድ ሳህን አኖረበት። ከዚያ «ወንበሮቹ እንዲገጥሙልን የቀድሞውን አንዴ እናየዋለን» አለ። ማሳያ ማሽኑን ቡፌው ላይ አስቀምጦ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቀለ። የእኔኑ አንሶላ። ወደ እኔ ቀረብ ብሎ «ወይዘሮ ሆስቴለር፣ እርስዎ መቼም ቀደም ብለው አይተውታል። ከከበደዎት ውጭ ይቆዩ» አለኝ።

«ግድ የለም» አልኩ።

የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። በኤፕሪልም የቆምኩት እዚያው ነበር፣ ከካሜራው ጎን፣ ትርፍ ስጎ ያለበትን ድስት አቅፌ። ዛሬም ድስቱን አቅፌ ነበር። መጋረጃው ተዘጋ።

ግድግዳዬ ላይ ግድግዳዬ መጣ። ያው መስኮት፣ ያው ጠረጴዛ። ካሮሊን ቀሚሱ ልክ ሆኖላት። ከዚያ በሩ ተከፈተና ኔልዳ እየሮጠች ገባች። ወንበሩን በእግሯ ሳበችው። ስጎውን ስትደፋ ምላሷን በከንፈሯ ጠርዝ ታወጣለች፤ እንዳትሳሳት ስትጠነቀቅ እንዲያ ነበር የምታደርገው። ስህተቱን በትክክል ለመሥራት ተጠንቅቃ ነበር።

ድምፅ የላትም። እንደማይሰማ አውቅ ነበር። ጆሮዬ ግን ጠብቆ ነበር።

ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። አፏን በድንች ሞላች። ቀና ብላ አየችኝ።

ካሜራውን አይደለም። እኔን፣ በሩ ላይ። አየችኝና ድንቹ እስኪታይ በሳቅ ፈነዳች።

ሰውዬውም በወፍራም ድምፁ «ማርጂ አፏ ሞልቶ ትስቃለች። ምኑ ነው የሚያስቀው? ማንም አያውቅም» አለ።

እኔ አውቃለሁ።

ያን ቀን እዚህ በር ላይ ቆሜ፣ ልጄ መጥፎ ምሳሌ እንድትሆን የተቀመጠች መሆኗን ረስቼ፣ ከልማዴ «ክርንሽን አውርጂ» ልላት የራሴን ክርን ሳወዛውዝ ክርኔ ድስቱ ውስጥ ገባ። ስጎው ውስጥ። ደግነቱ ቀዝቅዞ ነበር። ካሜራው ይሠራ ስለነበር ትንፍሽ አላልኩም፤ ክርኔን እንደነከርኩ እንደ ሐውልት ቆምኩ። ያየችኝ እሷ ብቻ ናት። አቶ ለንድ ሳቁን ወዶት «ይሁን፣ ይህ እንዳለ ይቆይ» ብሎ ነበር።

ማሽኑ ቆመ። መጋረጃው ሲከፈት ካሮሊን ፊቷን በእጇ ይዛለች። ኦርቪል የውጭው በር ላይ ቆሟል፤ መቼ እንደመጣ አላየሁም።

አቶ ለንድ ድምፁን አለስልሶ «እንጀምር» አለ። ፊሊስ የኔልዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አፏን ሞልታ እንድትስቅ ነገራት። ሳቀች፤ ጫማ የጠበበው ሰው ሳቅ። ደገመችው።

«በምን ልሳቅ ግን?» አለች ልጅቷ። እውነቷን ነው።

ካሮሊን ድንቹን ልታቀብላት ሳህኑን አነሣች። ፊሊስን አየቻትና መልሳ አስቀመጠችው።

«ፈገግ በይ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አለቻት ኢርማ።

«አልችልም፣ እማ።»

«አንዴ ብቻ።»

«አልችልም እያልኩሽ ነው።»

ለካ እንዲህ ነው የሚባለው። እኔ ለማቀዝቀዣ ስናገር ከረምኩ።

ፊሊስ ጸጉሯን ልታስተካክል ስትነሣ፣ ሽርጤን እንዳደረግሁ ሄጄ የኔልዳ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱንም ክርኖቼን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ።

«ወይዘሮ ሆስቴለር» አለ አቶ ለንድ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወንበሩን እንፈልገው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ደክሟት ነው» አለች ኢርማ። «ቨርናዬ፣ ነይ ትንሽ ጋደም በይ።»

«አልደከመኝም፣ ርቦኛል። ካሮሊን፣ ድንቹን አቀብይኝ።»

ካሮሊን አቀበለችኝ። በዚህ ጊዜ መልሳ አላስቀመጠችውም። ለቀረጻው የተሰናዳውን ድንች በማንኪያ ሙሉ ጎረስኩ። የተናገርኩት አፌ ሞልቶ ስለሆነ ምን ያህል እንደተሰማ እንጃ።

«አይሆንም» አልኩ። «ጠረጴዛውን አልሰጥም። ወንበሩንም። እንዳለች ትቆይ።»

«ላንቺ ብለን ነው እኮ» አለች ኢርማ። «ልጆቹ ይስቁባታል።»

«ይሳቁ። ልታስቃቸው ነው የተቀመጠችው። ከተማው ሁሉ ሲያያት ከረመ፤ እኔ ልጄን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

አቶ ለንድ ኢርማን አየ። ኢርማ ወለሉን አየች። በበረኪና ያጠብኩትን። ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ እንዴት እንደሚሰበር የሚያስተምር ፊልም እስካሁን አልተሠራም።

ኦርቪል ሰበረው። ኮፍያውን እንዳደረገ መጥቶ ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ኮፍያ አድርጎ ጠረጴዛ የቀረበን ሰው እናቱ በጭልፋ ነበር የምትመታው።

«ስጎው የታለ?» አለ።

ድስቱን አመጣሁ። አቶ ለንድ መብራቶቹን አጠፋና እሱም ተቀመጠ። ፊሊስ ደግማ ቆርሳ በላች። ሥጋው እስኪያልቅ አልተነሣንም። በመጨረሻ አቶ ለንድ ቀስ ብሎ «ልድገመው?» አለኝ። ደገመው። ሳቁ ላይ ሲደርስ ስለ ክርኔ ለኦርቪል በጆሮው ነገርኩት።

«ያ የነከርሽው ሸሚዝ ለካ በዚህ ነው» አለና ውሃ ትን አለው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ኢርማ መጣች። ኮቷን አወለቀች።

«ለካሮሊን ብዬም ነበር» አለች። «ሁሌ ክፍል ውስጥ ኔልዳን ፊት ለፊት ተቀምጣ ታያታለች። ሌሎቹ ይስቃሉ፣ እሷ ወጥታ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ትቆልፋለች። ማታ አትተኛም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለአንቺ? የእኔ ልጅ አልተኛችልኝም ብዬ ለአንቺ?»

ተነሥቼ ሳህኗን አመጣሁላት። ባዶ ነበር። ክዳኑን አንሥታ አየችው።

«ኬኩ ሰመጠ» አልኳት። «ከኦርቪል ጋር በላነው።»

ሳህኑን እንዳቀፈች ተቀመጠች። «ካሮሊን ራት እየመጣች አንቺ ጋ ትብላ?» አለችኝ። «የምትበላው እዚህ ነው መሰለኝ።»

ደስ ይለኛል አልኳት። አሁንስ እውነቴን ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ካሮሊን ከቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር መጣች። የምግብ ክፍሉ እንደፈራሁት አይበርድም። ካሮሊን ድንቹን ቀምሳ አንዴ እኔን፣ አንዴ ኦርቪልን አየች፤ ድምፅዋን አወፍራ «አክስታችንን ምን አሳስቧት ይሆን?» አለች። እንደ ኔልዳ አድርጋ አልቻለችበትም። ኦርቪል ጨው አቀበላት። ከሰዓት በኋላ ጎተራው አልሄደም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ወይዘሪት ቲልማን ጠራችኝ። ሳህኗን ባዶውን ይዤላት ሄድኩ። ብስኩቱ ኮሪደሩ ላይ ማለቁን ስነግራት በሩን በሰፊው ከፈተችልኝ።

ከኋላ፣ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ሥሩ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ተነሺ ብባልም አልችልም ነበር። ካሮሊን ከፊት ናት። አንዴ ዞራ አየችኝ። ጥቁሩ ጨርቅ ተሳበ።

ኔልዳ እየሮጠች ገባች። ልጆቹ ገና ወንበሩን በእግሯ ስትስብ ሳቁ። ያን ቀን ከበሩ ውጭ ሆኜ ያልለየሁትን ሳቅ ዛሬ ለየሁት። ኦርቪል ውሃ ትን ሲለው የሚስቀው ዓይነት ነው።

ከፊቴ የተቀመጠች ጠቃጠቆ የሞላት ልጅ ወደ ጓደኛዋ ተጠግታ «እኔ ብሆን ማርጂን ነው ጓደኛ የምይዘው። ሩት ታሰለቻለች» አለቻት። ካሮሊን ሰማች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ልነሣ ነበር፤ ጉልበቴ ያዘኝ። ኋላ ሳየው እየሳቀች ነው። አልወጣችም።

ኔልዳ ቀና አለች። ሳቀች። ሰውዬው «ምኑ ነው የሚያስቀው? ማንም አያውቅም» አለ።

«ግን በእውነት በምን ነው የምትስቀው?» አለች ጠቃጠቋሟ ልጅ።

በትምህርት ሰዓት ማውራት ነውር ነው። ወደ ፊት ጎንበስ አልኩ።

«በእኔ ነው» አልኳት። «በሩ ላይ ቆሜ ክርኔ ስጎ ውስጥ ገብቶ ነበር።»

ልጅቷ ዞረች። ፊቴን አላየችም፤ ክርኔን ነው ያየችው።